ቂሙ ከየት ይቆጠር?

ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከካፒቶል ኮረብታ ቁልቁል ሲወረድ፣ ኮንስቲቲዩሽን ጎዳና ላይ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ አለ። ሴናተሮች ከሚከራከሩበት አዳራሽ በእግር ቢያስኬድ ጥቂት ደቂቃ ነው። በሕንፃው የሚያስችለው የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በብዛት የሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያወጡት ደንብ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ነው፤ ለተራው ሰው ጆሮ ደረቅ ጉዳይ። ሆኖም በአሜሪካ በዳኞች ሹመት ላይ የተነሡት ትልልቅ ጠቦች አብዛኞቹ በዚህ ደጅ አልፈዋል። ሮበርት ቦርክ፣ ክላረንስ ቶማስ፣ ሚጌል ኤስትራዳ፣ ብሬት ካቫና፣ ሜሪክ ጋርላንድ፣ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን፤ አንዳንዶቹ ከዚህ ተነሥተው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጡ፣ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ቀሩ፣ አንዱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ሁለቱ ፓርቲዎች ጠቡን የጀመረው ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ የሚተርኩት ታሪክ አንድ አይደለም። ሪፐብሊካኖች ከ1987 ይነሣሉ፣ ዲሞክራቶች ከ2016። ደም የተቃቡ ወገኖችን ለማስታረቅ ተቀምጦ የሚያውቅ ሽማግሌ ነገሩ አይጠፋውም። እያንዳንዱ ወገን መቁጠር የሚጀምረው የራሱ ሰው ከወደቀበት ቀን ነው፤ እሱ ከጣለበት ቀን የሚጀምር የለም። ስለዚህ ከሁለቱም ቀደም ብሎ መነሣት ይሻላል።

በጁን 1968 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ኤርል ዋረን ጡረታ ሊወጡ እንደሆነ ታወቀ። የምርጫ ዓመት ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ አስቀድመው ተናግረዋል። በዋረን ወንበር እንዲቀመጡ ያጩት የቅርብ ወዳጃቸውን፣ በዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩትን ኤብ ፎርታስን ነው። ፎርታስ የዳኝነት ካባ ለብሰውም ዋይት ሀውስን ማማከር እንዳልተዉ በምርመራው ተሰማ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላስተማሩት ኮርስ ከግለሰቦች ተዋጥቶ 15,000 ዶላር እንደተከፈላቸውም ወጣ። ጥፋቱ እውነተኛ ነበር። ይሁንና ተቃዋሚዎቹን ያስነሣው እሱ ብቻ አልነበረም፤ የደቡብ ሴናተሮች የዘር መለያየትን በሻረው የዋረን ፍርድ ቤት ላይ ቂም ነበራቸው፣ ሪፐብሊካኖቹ ደግሞ ወንበሩ ለሚመጣው ፕሬዚዳንት ቢቆይ ይመርጡ ነበር።

በሴኔት ደንብ ክርክር ካልተዘጋ ድምፅ አይሰጥም። ክርክሩን ለመዝጋት ደግሞ በዚያን ጊዜ ከተገኙት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው መስማማት ነበረበት። የሚቃወመው ወገን አብላጫ ድምፅ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ነገሩ እንዳይዘጋ ማድረግ ይበቃዋል። ይህን ዘዴ አሜሪካኖች ፊሊበስተር ይሉታል። ኦክቶበር 1 ቀን ክርክሩ ይዘጋ በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ 45 ደገፉ፣ 43 ተቃወሙ። አልበቃም። ፎርታስ ዕጩነታቸው እንዲነሣ ጠየቁ፤ ወንበሩም በማግስቱ ዓመት ሪቻርድ ኒክሰን ላጯቸው ለዋረን በርገር ሆነ።

ብድሩ ብዙ አልቆየም። ኒክሰን ያጯቸውን ሁለት የደቡብ ሰዎች ዲሞክራቶች የበዙበት ሴኔት ተራ በተራ ጣላቸው፤ ክሌመንት ሄይንስዎርዝን በ1969 በ55 ለ45፣ ሃሮልድ ካርስዌልን በ1970 በ51 ለ45። ሦስተኛው ዕጩ ሃሪ ብላክመን ግን 94 ለ0 አለፉ። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ የቆጠሩ መስሏቸው ይሆናል፣ ነገሩ በረደ። በ1975 ሴኔቱ ክርክር መዝጊያውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ 60 አደረገው። በ1986 ሮናልድ ሬገን ከዚያው ከዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንቶኒን ስካሊያን ሲያጩ ውጤቱ 98 ለ0 ነበር። ስካሊያ አቋማቸውን የማይሸሽጉ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ግን አንድም ሴናተር አልተቃወማቸውም።

ዓመት ሳይሞላ ዘመኑ ተለወጠ።

በ1987 ዳኛ ሉዊስ ፓውል ጡረታ ወጡ። ፓውል በብዙ ጉዳዮች ላይ ሚዛኑን ወዲህ ወይም ወዲያ የሚጥሉ የመሐል ሰው ነበሩ። ሬገን ጁላይ 1 ቀን በቦታቸው ያጩት የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱን ዳኛ ሮበርት ቦርክን ነው። በሕግ ዕውቀታቸው ጠላትም አይክዳቸውም። በ1973 ግን፣ በዋተርጌት ጊዜ፣ ሁለት አለቆቻቸው አንፈጽምም ብለው ሥራቸውን ሲለቁ የኒክሰንን ትእዛዝ ተቀብለው ልዩ ዐቃቤ ሕጉን አርችባልድ ኮክስን ያባረሩት እሳቸው ነበሩ። በ1963 ደግሞ ምግብ ቤትና ሆቴል ጥቁሮችን እንዳይከለክሉ ያስገድድ የነበረውን የሲቪል መብት ረቂቅ የሚቃወም ጽሑፍ አውጥተዋል፤ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብለዋል።

የፕሬዚዳንቱ መግለጫ ካበቃ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በሴኔቱ ወለል ላይ ቆሙ። በቦርክ አሜሪካ ሴቶች በየጓዳው በስውር ፅንስ ለማስወረድ ይገደዳሉ፣ ጥቁሮች በምግብ ቤት ለብቻቸው ይቀመጣሉ የሚል ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሰውየው ከጻፉት እጅግ የራቀ ነበር፤ ፍትሐዊም አልነበረም። ዋይት ሀውስ መልስ እስኪያዘጋጅ የበጋው ወራት አለፉ። በቴሌቪዥን ተዋናዩ ግሪጎሪ ፔክ ቦርክን የሚቃወም ማስታወቂያ ላይ ድምፃቸውን ሰጡ። አንድ የዋሽንግተን ሳምንታዊ ጋዜጣ የቦርክ ቤተሰብ ከቪዲዮ ቤት የተከራያቸውን ፊልሞች ዝርዝር እስከ ማተም ደረሰ። በዝርዝሩ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አልተገኘም። ኮንግረሱ ግን ደንግጦ በማግስቱ ዓመት የፊልም ኪራይ ምስጢር የሚጠበቅበትን ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ጠብ ለሁሉም የሚጠቅም ነገር የተገኘው ምናልባት እሱ ብቻ ነው።

በሴፕቴምበር የፍትሕ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጆ ባይደን ነበሩ። ቦርክ አምስት ቀን ተቀምጠው መለሱ፤ ስለ ግለሰብ ገመና መብት፣ ስለ እኩልነት፣ ስለ ሐሳብ ነፃነት። ጥያቄ አልሸሹም፤ ያመኑበትን ተናገሩ፣ ጎዳቸውም። ኮሚቴው 9 ለ5 ተቃወማቸው። ራስዎን ያግልሉ ሲባሉ እምቢ ብለው ሙሉው ሴኔት ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። ኦክቶበር 23 ቀን 58 ተቃወሙ፣ 42 ደገፉ። ስድስት ሪፐብሊካኖች ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበሩ፤ ሁለት ዲሞክራቶች ደግሞ ከደጋፊዎቹ።

በቦርክ ላይ የተሠራውን ሁለት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ስማቸው ላይ የተለጠፈው ግነት በደል ነበር። የሴኔቱ ሂደት ግን በደል አልነበረም፤ ተጠየቁ፣ መለሱ፣ በግልጽ ተቆጥሮ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ዕጩዎች ይህን እንኳ አላገኙም። ያም ሆኖ የአንድ ትውልድ ወግ አጥባቂ የሕግ ተማሪዎች በዚያ ቁስል ላይ አደጉ፤ የሰውየው ስም እንግሊዝኛ ውስጥ ግስ ሆኖ ገባ፤ ሰውን አጥላልቶ ሹመት ማስከልከል ማለት ነው። የፓውል ወንበር በመጨረሻ ለአንቶኒ ኬኔዲ ተሰጠ፤ በፌብሩዋሪ 1988፣ በምርጫ ዓመት፣ 97 ለ0። ይህ ቀን ከ28 ዓመት በኋላ ይጠቀሳል።

ቦርክ የዲሲውን ወንበር በ1988 ለቀቁ። በ1990 እዚያ ላይ የተቀመጡት ክላረንስ ቶማስ ናቸው። በማግስቱ ዓመት ታላቁ የሲቪል መብት ጠበቃ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ጡረታ ሲወጡ አባት ጆርጅ ቡሽ የ43 ዓመቱን ቶማስን አጩ። ጥቁሩን ዳኛ በጥቁር ዳኛ፣ የግራውን በቀኝ መተካት ነበር። የፕሮፌሰር አኒታ ሂል ክስ በኦክቶበር ለጋዜጠኞች ሾልኮ ወጣ፤ ቶማስ በሥራ ቦታ አለቃዬ ሆነው ጸያፍ ነገር ይናገሩኝ ነበር የሚል ነው። ሂል 14 ነጭ ወንዶች በተደረደሩበት ኮሚቴ ፊት ቀርበው በቀጥታ ቴሌቪዥን ተጠየቁ። ቶማስ ክሱን ሁሉ ካዱ፤ ሂደቱንም ቀና ያለ ጥቁር ሁሉ የሚሰቀልበት የዘመኑ ግርግር ነው ብለው አወገዙ። በዓመቱ ምርጫ አራት አዳዲስ ሴቶች ሴኔት የገቡት የዚያ ሳምንት ምስል ከሕዝብ ዓይን ስላልጠፋ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቶማስ ያለፉት 52 ለ48 ነው። ያን ጊዜ ሴኔቱን የያዙት ዲሞክራቶች ነበሩ፤ ክርክሩ እንዳይዘጋ ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው 41 ድምፅ ብቻ ነበር፣ 48 ነበራቸው። ዘዴው በደንቡ ውስጥ ተቀምጧል፣ ቁጥሩም ሞልቷል። ማንም አልተጠቀመበትም። የተጻፈ ክልከላ አልነበረም፤ ይህ አይደረግም የሚል ያልተጻፈ ልማድ ብቻ ነበር ያገዳቸው።

በቢል ክሊንተን ጊዜ ጠቡ ከካሜራ ፊት ወደ መሳቢያ ገባ። ሪፐብሊካኖች በ1995 ሴኔቱን ከያዙ በኋላ ዕጩን ለመጣል ድምፅ መስጠት እንኳ አላስፈለጋቸውም። የፍትሕ ኮሚቴው ለዕጩው ክፍለ ሀገር ሴናተሮች አስተያየት የሚጠይቅበት አንድ ሰማያዊ ወረቀት አለ፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ካልተመለሰ ስብሰባው አይጠራም ነበር፣ ዕጩውም ይረሳ ነበር። ሪቻርድ ፓይዝ ካሊፎርኒያን ለሚያካትተው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996 ታጭተው የጸደቁት በ2000 ነው። ኤሌና ኬገን በ1999 ለዲሲው ፍርድ ቤት ታጭተው ለቃለ መጠይቅ ሳይጠሩ ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያስጀመሩት ሪፐብሊካኖች ብቻ አይደሉም፤ በ1992 አባት ቡሽ ለዚያው ፍርድ ቤት ያጯቸውን ወጣት ጠበቃ ጆን ሮበርትስን ዲሞክራቶቹ እንዲሁ ድምፅ ሳይሰጡባቸው አሳልፈዋቸዋል። ሁለቱም በሌላ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ፤ ሮበርትስ በዋና ዳኛነት። ብዙዎች ግን እንደነሱ ሁለተኛ ዕድል አላገኙም።

ሮኒ ዋይት አግኝተዋል፣ ግን ምን ያህል ቆይተው! የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ነበሩ። ክሊንተን ለፌዴራል ዳኝነት አጯቸው። የራሳቸው ክፍለ ሀገር ሴናተር ጆን አሽክሮፍት በሞት ቅጣት ላይ ለወንጀለኛ ያደላሉ ብለው ተነሡባቸው፤ በኦክቶበር 1999 ሪፐብሊካኖች አንድ ላይ ቆመው በ54 ለ45 ጣሏቸው። ዋይት የፌዴራል ወንበር ያገኙት በ2014 ነው፤ 15 ዓመት ገደማ አልፎ።

ልጅ ጆርጅ ቡሽ በሜይ 2001 የመጀመሪያዎቹን ዕጩዎች ሲያቀርቡ ዲሞክራቶቹ ይህን ሁሉ አልረሱም። ከቀረቡት አንዱ ለዲሲው ፍርድ ቤት የታጩት ሚጌል ኤስትራዳ ናቸው። ከሆንዱራስ በ17 ዓመታቸው እንግሊዝኛ በቅጡ ሳያውቁ የመጡ፣ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት በማዕረግ የተመረቁ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ለመንግሥት የተከራከሩ ጠበቃ ነበሩ። የስደተኛ ልጅ ላለው ማንኛውም ቤተሰብ ይህ የሚኮራበት ታሪክ ነው።

ዲሞክራቶቹ ሐሳባቸውን አናውቅም፣ በመንግሥት ጠበቃነት ሳሉ የጻፏቸው የውስጥ ማስታወሻዎች ይሰጡን አሉ። ማስታወሻዎቹ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ነበሩ፤ በሕይወት ያሉ የመንግሥት ጠበቃው ቢሮ የቀድሞ ኃላፊዎች፣ ዲሞክራቶቹም ጭምር፣ አይሰጥም ብለው ጻፉ። በ2003 ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር፤ ኤስትራዳ 55 ደጋፊ አላቸው። በ1991 በቶማስ ላይ ያልተነካው መሣሪያ አሁን ተመዘዘ። ክርክሩ ይዘጋ ተብሎ ሰባት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፤ ሰባቱንም ጊዜ 60 አልሞላም። ሴፕቴምበር 4 ቀን ኤስትራዳ ይበቃኛል ብለው ወጡ፤ ከታጩ 28ኛ ወራቸው ነበር።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ የኮሚቴው የሪፐብሊካን ሠራተኞች ከጋራ ኮምፒውተር ያለፈቃድ የወሰዷቸው የዲሞክራት ሠራተኞች ማስታወሻዎች ጋዜጣ ላይ ወጡ። በአንዱ ላይ የመብት ድርጅቶች ኤስትራዳን በተለይ አደገኛ የሚያደርጋቸው ላቲኖ መሆናቸውና ዋይት ሀውስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እያዘጋጃቸው መምሰሉ ነው ማለታቸው ተጽፏል። ወረቀቱ የተገኘበት መንገድ ስርቆት ነው፤ የተጻፈበት ነገር ደግሞ የሚያሳፍር ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ሰውየው የተከለከሉት ብቃት ስላነሳቸው አልነበረም፤ ብቃታቸው ሩቅ ስለሚያደርሳቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ ኤስትራዳ ያደረጉት ነገር ከዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ልብ ከሚያሳርፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በ2010 ባራክ ኦባማ ኤሌና ኬገንን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጩ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኛቸው ኤስትራዳ ዕጩዋ ብቁ ናቸው ብለው ለሴኔቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ። ኬገንም ሲጠየቁ ኤስትራዳ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ጭምር ይበቃሉ ብለው መለሱ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በዲሞክራቶች አንዷ በሪፐብሊካኖች ከአንድ ፍርድ ቤት ደጅ የተመለሱ፣ አንዳቸው ለሌላው መሰከሩ።

በ2005 የሪፐብሊካኑ መሪ ቢል ፍሪስት ትዕግሥታቸው አለቀ። ለዳኞች ሹመት ፊሊበስተር ይቅር፣ በተራ አብላጫ ደንቡን እንለውጠው አሉ። የማያስመልስ ነገር ስለሆነ የኑክሌር አማራጭ ተባለ። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሚች ማኮኔል በዚያን ጊዜ የለውጡ ደጋፊ፣ የዲሞክራቱ መሪ ሃሪ ሪድ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ይህን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ሽማግሌ ገባ። ሰባት ዲሞክራቶችና ሰባት ሪፐብሊካኖች ከየመሪዎቻቸው ተለይተው ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው የ87 ዓመቱ ሮበርት ቢርድና የ78 ዓመቱ ጆን ዋርነር ነበሩ። ሜይ 23 ቀን ስምምነቱ ተነገረ። ዲሞክራቶቹ የተለየ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ፊሊበስተር ላያነሡ፣ ሪፐብሊካኖቹ ደንቡን ላይለውጡ ቃል ተገባቡ። የተለየ ሁኔታ ምን እንደሆነ አልተተረጎመም፤ ለእያንዳንዱ ሴናተር ህሊና ተተወ። ፕሪሲላ ኦወንን ጨምሮ ለዓመታት የታገዱ ሦስት ዕጩዎች አለፉ። ስምምነቱ ሕግ አልነበረም፣ ቅጣትም አልነበረውም። የቆመው በ14 ሰዎች ቃል ነው፤ ደንቡም ስምንት ዓመት ሳይለወጥ ቆየ።

ኖቬምበር 2013። ዲሞክራቶች ሴኔቱን፣ ኦባማ ዋይት ሀውስን ይዘዋል። በዲሲው ፍርድ ቤት ሦስት ወንበር ክፍት ነው። ፓትሪሺያ ሚሌት፣ ኒና ፒላርድና ሮበርት ዊልኪንስ ታጩ፤ ሪፐብሊካኖች ፍርድ ቤቱ ሥራው ጥቂት ነው፣ ተጨማሪ ዳኛ አያስፈልገውም ብለው ሦስቱንም በፊሊበስተር አገዱ። ስለ ሰዎቹ ብቃት የቀረበ ከባድ ክስ አልነበረም፤ የተከለከለው ወንበሩ ነበር። ኖቬምበር 21 ቀን ሪድ፣ ያው በ2005 ለደንቡ የተሟገቱት ሪድ፣ 52 ለ48 አሸንፈው ደንቡን ለወጡ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በስተቀር ማንኛውም ዕጩ በተራ አብላጫ ያልፋል። ማኮኔል፣ ያው በ2005 ለውጡን የደገፉት ማኮኔል፣ ትጸጸታላችሁ፣ ከምታስቡትም ቀደም ብሎ ነው ብለው አስጠነቀቁ።

ማስጠንቀቂያው እውነት ሆነ፤ እውነት ያደረጉትም ራሳቸው ናቸው። በ2014 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሴኔቱን ወሰዱ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ያጸደቁት ሁለት ዳኛ ብቻ ነው።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2016 ደረሰ። ስካሊያ ቴክሳስ ውስጥ ለእረፍት ሄደው ሳለ አረፉ። አስከሬናቸው ገና ቤተሰቡ ዘንድ ሳይደርስ፣ በዚያው ቀን፣ ማኮኔል ወንበሩን የሚሞላው በኖቬምበር የሚመረጠው ፕሬዚዳንት ነው ብለው መግለጫ አወጡ። ኦባማ በማርች ያጩት የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ሜሪክ ጋርላንድን ነው። 63 ዓመታቸው ነበር፤ የኦክላሆማ ሲቲውን የቦምብ ጥቃት ምርመራ የመሩ፣ በሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሰው። ሪፐብሊካኖቹ ማስረጃ ብለው የጠቀሱት ባይደን በ1992 ያደረጉትን ንግግር ነው፤ በምርጫ ዓመት በጋ ወንበር ቢከፈት ፕሬዚዳንቱ ከምርጫው በፊት ባያጩ ይሻላል ብለው ነበር። ዲሞክራቶች የጠቀሱት የአንቶኒ ኬኔዲን ፌብሩዋሪ 1988 ነው። ሁለቱም የጠቀሱት እውነት ነው፤ ልዩነቱ የባይደን ቃል በተግባር ያልዋለ ንግግር መሆኑና የኬኔዲ ደግሞ የተፈጸመ ሹመት መሆኑ ነው።

ጋርላንድ ለቃለ መጠይቅ አልተጠሩም። ድምፅ አልተሰጠባቸውም። ቦርክ ያገኙት የመሸነፍ መብት ለእሳቸው ተነፈገ። ፍርድ ቤቱ በስምንት ዳኛ ቀረ፤ በጁን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰነድ አልባ ወላጆችን ከመባረር ሊታደግ የታሰበው የኦባማ ዕቅድ ላይ 4 ለ4 ተከፈለና የታችኛው ፍርድ ቤት እገዳ ጸና። የጋርላንድ ዕጩነት 293 ቀን ቆይቶ ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ከኮንግረሱ ዘመን ጋር አበቃ። ዶናልድ ትራምፕ ዋይት ሀውስ ሲገቡ ከስካሊያ ወንበር ሌላ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ100 በላይ ክፍት ቦታ ጠበቃቸው።

የቀረው በፍጥነት ሄደ። በኤፕሪል 2017 ዲሞክራቶች ኒል ጎርሰችን በፊሊበስተር ሊያግዱ ሞከሩ፤ ማኮኔል በሪድ መንገድ ሄደው በ52 ለ48 ለጠቅላይ ፍርድ ቤትም ደንቡን አነሡት፤ ጎርሰች በማግስቱ 54 ለ45 ጸደቁ። በ2018 አንቶኒ ኬኔዲ ጡረታ ሲወጡ ከዲሲው ፍርድ ቤት ብሬት ካቫና ታጩ። ፕሮፌሰር ክርስቲን ብሌዚ ፎርድ በልጅነታችን ጥቃት አድርሰውብኛል ሲሉ በኮሚቴው ፊት መሰከሩ፤ ካቫና ክደው፣ በእንባና በቁጣ፣ ይህ ለክሊንተኖች የሚከፈል የበቀል ዘመቻ ነው አሉ። 50 ለ48 አለፉ፤ ከ1881 ወዲህ እንዲህ የጠበበ ውጤት አልታየም።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2020፣ ምርጫው 46 ቀን ሲቀረው፣ ሩት ቤደር ጊንስበርግ አረፉ። ማኮኔል በዚያው ምሽት የትራምፕ ዕጩ ድምፅ ይሰጥበታል አሉ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ስምንት ወር ሙሉ አጭር ነው የተባለው ጊዜ አሁን ስድስት ሳምንት ሆኖ በቂ ሆነ። የሰጡት ምክንያት በ2016 ዋይት ሀውስና ሴኔት በተለያየ ፓርቲ እጅ ነበሩ፣ ዛሬ ግን አንድ ናቸው የሚል ነው። በ2020 የፍትሕ ኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት ሊንዚ ግራሃም በ2016 ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንትም ቢሆን በመጨረሻ ዓመቱ ወንበር ቢከፈትለት እንጠብቃለን፣ ያኔ ቃሌን ጥቀሱብኝ ብለው ነበር። ተጠቀሰባቸው። ኤሚ ኮኒ ባሬት ኦክቶበር 26 ቀን 52 ለ48፣ ከዲሞክራቶች አንድም ድምፅ ሳያገኙ ጸደቁ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን በዚያን ቀን ድምፃቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል። ማታ ዋይት ሀውስ ቅጥር ውስጥ ቃለ መሐላውን ያስፈጸሟቸው ክላረንስ ቶማስ ናቸው።

ተራው ተመልሶ ዞረ። ባይደን ፕሬዚዳንት ሆነው ጋርላንድን ዋና ዐቃቤ ሕግ አደረጓቸው፤ ያንን ሹመት ሴኔቱ በ70 ለ30 አጸደቀ። ጋርላንድ የለቀቁትን የዲሲ ወንበር በጁን 2021 ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ያዙ። ግራሃም ያን ጊዜ ደግፈዋቸዋል። በማግስቱ ዓመት ጃክሰን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታጩ ግን ተቃወሙ፤ ከዚያም አልፈው ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ቢሆን ኖሮ እኚህ ሴት ኮሚቴው ፊት አይቀርቡም ነበር አሉ። በ2016 እንደ ልዩ ሁኔታ የቀረበው አሁን እንደ ልማድ ተነገረ። ኤፕሪል 7 ቀን 2022 ውጤቱ 53 ለ47 ተብሎ ሲነበብ ዲሞክራቶች ተነሥተው አጨበጨቡ፣ ሪፐብሊካኖቹ እየወጡ ሄዱ። ከሪፐብሊካኖቹ ሚት ሮምኒ ብቻቸውን ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

ጁን 24 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1973 ጀምሮ የጸናውን የፅንስ ማስወረድ መብት ሻረ። የቀድሞውን ውሳኔ ለመሻር የተስማሙት አምስቱ ዳኞች ቶማስ፣ ሳሙኤል አሊቶ፣ ጎርሰች፣ ካቫናና ባሬት ናቸው። ሴኔቱ ሲያጸድቃቸው ከአምስቱ አንዱም 60 ድምፅ አላገኙም።

በሴፕቴምበር ጃክሰን የለቀቁት የዲሲ ወንበር በፍሎረንስ ፓን ተሞላ፤ 52 ለ42። ፓን በ2016 የዋሽንግተን ከተማ ዳኛ ሳሉ ኦባማ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አጭተዋቸው ነበር። የሙሉው ሴኔት ድምፅ አልተሰጠባቸውም፤ ዕጩነታቸውም ከጋርላንድ ጋር በአንድ ቀን፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2017፣ አበቃ።